ጠዋት የምታነክስ፣ ስትበር የምትንቀጠቀጥ ሴስና፦ የባላንስ ማሽን ከማስመጣቴ በፊት ምክር ፈለግኩ

ብርድ_ልብስ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

የምጠብቃት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. የ1974 ሴስና 172 ናት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ኦ-320 ነው፣ 150 የፈረስ ጉልበት። ፕሮፔለሯ ባለ ሁለት ምላጭ፣ አንድ ወጥ አሉሚኒየም። የምታድረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሳር ሜዳ ላይ ነው፤ ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ፈቃድ ያለው ኢንጂነራችን ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ይፈርማል። በመሃል ያለውን ጣጣ የምሸከመው እኔ ቴክኒሻኑ ነኝ።

በጥቅምት መጀመሪያ አንዱን ምላጭ ጠጠር መትቶት ስለነበር ፕሮፔለሩን አውርደን ላክነው። አስተካክለው መለሱልን፣ ራሴ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በደቂቃ 2400 ዙር ሲዞር መሪው እጅ ያደነዝዛል። ኮምፓሱ ይርገፈገፋል። ኋላ የተቀመጠ ሰው ሲያወራ ድምፁ እንደ ፍየል ይቆራረጣል።

በዚያ ላይ ጠዋት ታነክሳለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሳሩ ላይ ውርጭ እያለ ስናስነሳት ሁለት ደቂቃ ያህል በሦስት እግሯ ነው የምትሄደው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ልስልስ ትላለች። ብርዱ ነው ብዬ ማታ ማታ ሞተሩን በመንዝ ባና መሸፈን ጀምሬያለሁ። ለውጥ የለም።

አለቃዬ «ፕሮፔለሩን ያበላሹት እነሱ ናቸው» ብሎ ሊካሰስ ተነስቷል። እኔ ደግሞ የፕሮፔለሩን ሚዛን የሚለካ የባላንስ ማሽን ከነባለሙያው ላስመጣ እያሰብኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

የቆላው_አብራሪ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡15

መጀመሪያ ነገር፣ ይቺን ይዛችሁ ጣርማበርን አትሻገሩ። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ መሬቱ ከእግርህ ስር ነው የሚጠፋው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ጫፍ 1,300 አካባቢ ወዳለ ቆላ። በዚያ ገደል ላይ ሞተር ቢያስነጥስ የምታርፍበት ማሳ የለም።

ሁለተኛ፣ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ መሬት ላይ ታቀጥናላችሁ ወይ፣ ማለትም ቤንዚኑን ትቀንሳላችሁ? እናንተ ጋ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ 72 በመቶ ገደማ ነው። 150 የሚባለው ጉልበት ወደ 110 ይወርዳል። ቤንዚኑን ሙሉ ለቀህ ብታስነሳ ሞተሩ ይታፈናል፣ ይንገጫገጫል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቆላ የሠለጠነ አብራሪ ይህ አይገባውም። እኔም አልገባኝም ነበር።

ወፍጮ_ቤት (መሃል ሜዳ)
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡30

አውሮፕላን አላውቅም። ግን ባናው ያሳዝናል። ዘይት ከነካው ሽታው አይለቅም።

ጋሽ_መፍቻ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተወው። የባላንስ ማሽን ክብደት የት እንደጎደለ ይነግርሃል እንጂ ለምን እንደጎደለ አይነግርህም። የተጣመመ ምላጭ ላይም፣ የደከመ ሲሊንደር ላይም ክብደት ለጥፈህ ቁጥሩን ልታሳምረው ትችላለህ። በሽታው ግን እዚያው ነው። እንዲህ የተደረገ አይቼ አውቃለሁ። የማን እጅ እንደሆነ አልናገርም።

እስቲ እነዚህን መልስልኝ።

የማግኔቶ ፍተሻው፣ ማለትም ለካንዴላ እሳት ከሚሰጡት ሁለት ማግኔቶዎች አንዱን ስታጠፋ፣ በ1700 ዙር ስንት ይወርዳል? የሁለቱ ልዩነትስ?

የምላጮቹን ጫፍ ለክተሃል? ጎማውን አግድ፣ ካንዴላዎቹን ንቀል፣ ጫፉ አጠገብ ሳንቃ ወይም ሳጥን አስቀምጥ። አንዱ ምላጭ ያለፈበትን በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ሌላውን አዙረህ አምጣና ልዩነቱን ለካ። ለብረት ፕሮፔለር ከ1.6 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ለእንጨት እስከ 3 ይፈቀዳል። ማግኔቶው «ጠፍቷል» ቢልህም ፕሮፔለሩን እንደ ሕያው ቁጠረው። የማጥፊያው ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ ቢዘጋም ማግኔቶው እሳት ይሰጣል። ካንዴላውን መጀመሪያ ንቀል የምለው ለዚሁ ነው።

የዙር መቁጠሪያውስ እውነቱን ነው የሚናገረው? አሮጌ መቁጠሪያ 100 ዙር ቢዋሽ አይገርመኝም።

በመጨረሻ፣ ኮፈኑን አውልቀህ የሚያብረቀርቅ የተፋተገ ቦታ ፈልግ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ኮፈኑን ከነካ የሞተሩ ንዝረት የመቀመጫ ጎማውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሰውነቷ ይገባል። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ሲያረጅ ሞተሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ያኔ ነው መነካካቱ የሚመጣው።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 13፣ ከቀኑ 11፡20

ጋሼ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን እሷ ጋ ዋልኩ።

ማግኔቶ፦ ግራው 80፣ ቀኙ 95 ይወርዳል። ጤነኛ ነው፤ መጽሐፉ እስከ 125 ይፈቅዳል፣ ልዩነቱን እስከ 50።

የምላጭ ጫፍ፦ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

የዙር መቁጠሪያ፦ በብርሃን በሚቆጥር መሣሪያ አመሳከርኩት። 40 ዙር አሳንሶ ያሳያል። ያን ያህል አይደለም።

ጭስ ማውጫው፦ እዚህ ተይዣለሁ። ቱቦው ኮፈኑን በስተግራ በኩል ነክቶ ጥፍር የምታህል ቦታ እንደ መስታወት አጽድቶታል። ጎማዎቹም ሰምጠዋል። ኢንጂነሩ በስልክ አይቶ አዲስ ጎማ ታዟል። ለጊዜው ቱቦውን አላቅቄ መልሼ አስተካክዬ ገጠምኩት፣ አሁን አይነካም። ንዝረቱ ትንሽ ቀነሰ። «ትንሽ» ነው ግን።

የጠዋቱ ማነከስ እንዳለ ነው።

ኤሌክትሮን (ደብረ ብርሃን፣ ተማሪ)
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡10

ወንድሜ፣ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስልክህ ውስጥ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ። ንዝረትን በድግግሞሽ ዘርዝሮ የሚያሳይ ነጻ አፕ አውርድና ስልኩን ከዳሽቦርዱ ጋር በደንብ አጣብቀው። በመሬት ላይ በ2400፣ ከዚያ ጠዋት ስታነክስ ቅዳልኝ። ስሌቱን እኔ እሠራዋለሁ።

2400 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 40 ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚመታ ነገር ካለ ከሚሽከረከረው ክብደት ነው። 20 ላይ ከመታ የአንድ ሲሊንደር ነገር ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚተኩሰው።

ጋሽ_መፍቻ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡40

ጎሽ። እኛ ይህን በመዳፍና በጆሮ ነበር የምናደርገው። 80ንም ጨምሪበት እንጂ ልጄ። ሁለት ምላጭ አለ፣ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ነፋሱን ይመታል። አራት ሲሊንደርም በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ሁለቱም 80 ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ጤነኛ አውሮፕላንም 80 ላይ ትርታ አላት።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 15፣ ከረፋዱ 4፡00

ቀዳሁ። ኢንጂነሩ ቅዳሜ መጥቶ ነበር፣ ጅራቷን አስረን እሱ ባለበት ነው በ2400 ያስነሳናት። አፑ ግራፍ ላይ ሁለት ተራራ ወጣ። ትልቁ 40 ላይ፣ ትንሹ 20 ላይ። 80 ላይ ምንም የለም። እንግዲህ ሲሊንደርም ፕሮፔለርም ነው ማለት ነው? አለቃዬ ይህን ሲሰማ ሞተሩን እናውርድ ብሏል።

ኤሌክትሮን
ኅዳር 15፣ ከረፋዱ 4፡25

ሞተሩን እንዳታወርዱ!! ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀረሁ። አፑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ተመልከት።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 15፣ ከረፋዱ 4፡32

100 ይላል።

ኤሌክትሮን
ኅዳር 15፣ ከረፋዱ 4፡50

ይኸው ነው። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚያይ መለኪያ ከ50 በላይ የሚመታን ነገር በትክክል አያይም። አሳንሶ ነው የሚያሳየው። በቪዲዮ የአውቶቡስ ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር አይተህ የለ? እንደዚያ ነው። 80 የነበረው ከ100 ተቀንሶ 20 ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው 80 ላይ ባዶ የሆነብህ።

እውነተኛው 20 ይሁን ውሸተኛው የምንለይበት መንገድ አለ። ወደ 2100 አውርደው። ያኔ ዙሩ 35 ነው። እውነተኛ የሲሊንደር ችግር ከሆነ ትንሹ ተራራ ወደ 17.5 ይወርዳል። ከ80 የመጣ ውሸት ከሆነ ደግሞ አዲሱ 70 ከ100 ተቀንሶ 30 ላይ ይታያል። ዙሩ ሲወርድ ተራራው ወደ ላይ ከወጣ ስልኩ ነው የሚዋሸው።

ወፍጮ_ቤት
ኅዳር 15፣ ከቀኑ 6፡10

እንዲህ ያለ ልጅ እኛ ጋ ብትኖር ኖሮ ስንት ኩሽኔታ በከንቱ አልቀይርም ነበር።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 16፣ ከረፋዱ 3፡30

30 ላይ ወጣ! እህቴ እጅ ነስቻለሁ። ዋናው ወደ 35 ወረደ፣ ትንሹ ወደ 30 ወጣ። ስለዚህ በ2400 ሲሊንደሮቹ ንጹሕ ናቸው። የቀረው 40ው ነው፤ የሚሽከረከር ክብደት።

የጠዋቱን ደግሞ ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቀዳሁ። በ1200 ዙር ስታነክስ 10 ላይ ትልቅ ተራራ አለ። ልስልስ ስትል ተራራው ይጠፋል። በ1200 ዙሩ 20 ነው፣ ግማሹ 10።

ኤሌክትሮን
ኅዳር 16፣ ከረፋዱ 3፡45

ያ እውነተኛ ነው። በ1200 ሁለት እጥፉ እንኳ 40 ነው፣ ከ50 በታች፣ ስልኩ የሚዋሽበት ምክንያት የለም። አንድ ሲሊንደር ጠዋት ተኝቷል።

ጋሽ_መፍቻ
ኅዳር 16፣ ከቀኑ 7፡20

እንግዲህ ሁለት በሽታ ነው ያለህ ልጄ። በአንድ ስም ስትጠራቸው ነው የተወሳሰበብህ።

የጠዋቱን ልንገርህ። ይህ የጭስ ማውጫ ቫልቭ መያዝ ይመስለኛል። የቫልቩ እግር በሚንሸራተትበት ጉሮሮ ውስጥ ጥላሸትና ከቤንዚኑ የሚመጣ የእርሳስ ማዕድን ዝቃጭ ይጋገራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቫልቩን ይይዘዋል። ጠዋት ስታስነሳ ቫልቩ አይዘጋም፣ ያ ሲሊንደር አይተኩስም። ሞቅ ሲል ይለቀዋል፣ ሁሉም ነገር ይረሳል። ማግኔቶ ስትፈትሽ ጤነኛ የሆነው ለዚህ ነው፤ ፍተሻውን የምታደርገው ሞተሩ ሞቆ ነው።

የናንተ ኦ-320 ኢ2ዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ የተሠራው ለ80 ኦክቴን ቤንዚን ነው። ዛሬ የምትቀዱለት 100ኤልኤል «ዝቅተኛ እርሳስ» ይባል እንጂ ከዚያ ከድሮው አራት እጥፍ እርሳስ አለው። በዚያ ላይ እናንተ ጋ ከፍታው አለ። አብራሪው መሬት ላይ ድብልቁን ካላቀጠነ ጥላሸቱን በራሱ እጅ ነው የሚጋግረው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነገ ጠዋት አስነሳና እያነከሰች እያለ በ40 ሴኮንድ ውስጥ አጥፋ። ኮፈኑን ክፈትና በሙቀት መለኪያ አራቱንም የጭስ ማውጫ አንገቶች ለካ። መለኪያ ከሌለህ ጠብታ ውሃ ጣልባቸው። ሦስቱ ላይ ጭስ ይላል፣ አንዱ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። በእጅህ እንዳትነካ።

ሲሊንደሩ ከታወቀ አትብረሩ። በአየር ላይ ሳለ ተይዞ ቢቀር ቫልቩን የሚገፋውን ዘንግ፣ ፑሽሮዱን ያጣምመዋል፣ ከዚያም ይብሳል።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጣቴ ደንዝዞ ነው የምጽፈው። ውሃ ጣልኩ። አንደኛው ጭስስ። ሁለተኛው ጭስስ። አራተኛው ጭስስ። ሦስተኛው ላይ ጠብታዋ ሳትነቃነቅ ተንጠልጥላ ቀረች። የአብራሪው መቀመጫ ላይ ሆነህ ስታይ የቀኝ የኋላው ማለት ነው።

የቆላው_አብራሪ
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሽ መፍቻ በስልክ አንድ ሲሊንደር አገኙ። እኔ ቢራ አለብኝ።

ጋሽ_መፍቻ
ኅዳር 17፣ ከረፋዱ 5፡00

አረቄ ቢሆን ይሻላል፣ ደብረ ብርሃን ነው እንጂ።

ልጄ፣ ሲሊንደሩን ማውረድ ግድ አይደለም። ኢንጂነሩ የሞተሩን ፋብሪካ መመሪያ ቁጥር 388ን ያውቀዋል፣ በጉሮሮውና በቫልቩ መሃል ያለውን ክፍተት መለካት ነው። ጠባብ ከሆነ በገመድ ይሠራል። ካንዴላውን ነቅላችሁ ፒስቶኑ ዝቅ ባለበት ንጹሕ የናይለን ገመድ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባላችሁ፣ ጫፉ ውጪ ይቅር። ፒስቶኑን ቀስ ብላችሁ ከፍ ስታደርጉት ገመዱ ቫልቩን ከታች ይደግፈዋል። ያኔ ሞላውን ጫን አድርጋችሁ ታወጣላችሁ። ገመዱን አውጥታችሁ ቫልቩን ወደ ውስጥ ትገፉትና ጉሮሮውን በልኩ በተሠራ ማጽጃ ትጠርጉታላችሁ። ቫልቩን አጽድታችሁ መልሳችሁ ስትስቡት ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም።

ሰማያዊ_ሰማይ
ኅዳር 17፣ ከቀኑ 8፡30

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ባላንስ ማሽኑን አምጡና ይለቅ። እኛ በአንድ ቀን ጨረስን።

ጋሽ_መፍቻ
ኅዳር 17፣ ከቀኑ 9፡05

ቫልቭ በባላንስ ሮንዴላ አይጸዳም ወንድሜ።

ወፍጮ_ቤት
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 12፡30

ሮንዴላ ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት የወፍጮዬን ትልቅ ፑሌጃ አውርጄ ስገጥም ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ድንጋዩን ስወቅር አበላሽቼው ነው ብዬ ሳምንት ባከንኩ። ለካ አባቴ ድሮ በአንዱ ቡሎን ስር ሁለት ወፍራም ሮንዴላ አድርጎ ነበር። እኔ ትርፍ መስሎኝ ጥዬዋለሁ። ፑሌጃው ከፋብሪካው ጀምሮ አንድ ወገኑ ይከብድ ነበር፣ እሱ በዚያ አስተካክሎታል።

ወንድሜ፣ ፕሮፔለሩን ስታወርድ ትርፍ ሮንዴላ አላገኘህም?

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 12፡41

ቆይ።

ብርድ_ልብስ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡20

አላምንም። በባትሪ ሄጄ ነው የተመለስኩት።

ከፕሮፔለሩ ፊት ያለውን ሾጣጣ ቆብ ስናወልቅ፣ ከኋላው ባለው ክብ ሰሌዳ ላይ በአንዱ ቡሎን ስር ሦስት ወፍራም ሮንዴላ ነበር። ቡሎኑም ከሌሎቹ ይረዝም ነበር። ረዳቴ «ይህ ደግሞ ምንድነው» ሲለኝ «ያገኙትን ነው የገጠሙት» ብዬ በራሴ አፍ ተናግሬአለሁ! በወተት ጣሳ ውስጥ ከብሎኖች ጋር ጣልኳቸው። ሲገጠም ሁሉም አንድ ዓይነት አጭር ቡሎን ሆነ፤ እንዲያውም አሁን አምሮበታል ብዬ ነበር።

ጣሳው አለ። ሦስቱም አሉ። የአውሮፕላኗን መዝገብ ገለጥኩ፣ ከአራት ዓመት በፊት በደቃቅ ጽሕፈት የባላንስ ሥራ ተመዝግቧል፣ የቀዳዳው ቁጥርና ግራሙ ሳይቀር። ሊካሰስ የተዘጋጀውን አለቃዬን ነገ በምን ፊት እንደማየው አላውቅም።

ኤሌክትሮን
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡35

40ው!!

የቆላው_አብራሪ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡50

ወፍጮ ቤት፣ «አውሮፕላን አላውቅም» አልክ አይደል?

ብርድ_ልብስ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 1፡30

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ኢንጂነሩን መጠበቅ ነበረብኝ።

የሦስተኛውን ሲሊንደር ጉሮሮ በገመድ ዘዴ ጠረግነው። የወጣው ዝቃጭ እንደ ምጣድ ቅርፊት ጠንካራ ነው። ቫልቩን መልሶ መሳብ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ጋሼ የተናገሩትን እኔም ተናግሬአለሁ። አራተኛውም ጠበብ ያለ ስለነበር እሱንም ሠራነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጠዋት አስነስተናታል፣ ባለፈው ማክሰኞ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ በሠራበት ጠዋት ጭምር። አላነከሰችም። ዘይቱንም ማጣሪያ ስላላት በየ50 ሰዓቱ፣ ያን ያህል ባትበርም በየአራት ወሩ እንድንቀይር ተስማምተናል። እስካሁን በሰዓት ብቻ ነበር የምንቆጥረው። አብራሪዎቹም መሬት ላይ ድብልቁን እንዲያቀጥኑ ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ።

አዲሱ የሞተር ጎማ ገብቷል። ሮንዴላዎቹ በመዝገቡ ላይ ወደተጻፈው ቀዳዳ ተመልሰዋል፣ ከረጅሙ ቡሎን ጋር።

የባላንስ ባለሙያውም መጣ። ጋሼ አይቆጡ፣ ምላጩ በሞረድ ስለተነካ ኢንጂነሩ ይረጋገጥ አለ። ንዝረቱ 0.11 አይፒኤስ (ኢንች በሴኮንድ፣ የንዝረት መለኪያ ነው) ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው 0.07 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግሩም ነው፣ 0.2 አካባቢም ይኖርበታል አለን። አንድ ትንሽ ሮንዴላ ጨምሮ 0.05 አደረሳት። ለሙከራ ያህል ሦስቱን አውልቀን እንለካ ብለው ሳቁ። ለካነው። 0.43።

ጋሽ_መፍቻ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡00

አልቆጣም፣ አሁን ነው ማሽኑ ሥራው። አራተኛዋን ሮንዴላም መዝገብ ላይ ጻፋት። ፎቶም አንሳ። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ ነው የሚያወርዳት።

ብርድ_ልብስ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡10

ጽፌአለሁ ጋሼ። ቡሎኑ ላይም ቀይ ቀለም ቀብቼበታለሁ።

ወፍጮ_ቤት
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡25

ባናውስ?

ብርድ_ልብስ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡31

ሸትቷል። ረዳቴ እየለበሰው ነው።